ቀይዋ ክብ

ሆሬስ ፔንፎልድ ሚዛን ያመልካል ተብሎ ይታማ ነበር። ሐሜቱ ደግሞ ከእውነት ብዙም አይርቅም። በቴምዝ ዳር ባለው በሚስተር ጋስኮይን የጀልባ ማምረቻ ግቢ፣ በትልቁ መጋዘን በር ላይ የብረት ሚዛን አስተክሎ፣ ወደ አዲሲቱ ጀልባ የሚገባ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። ብሎኑም፣ ሰንሰለቱም፣ የአዛዡ መቀመጫ ትራስም ሳይቀር። አንድ ቀን የእህቱን ባል ኢሊ ካተርሞልን ከነአካፋው ሚዛኑ ላይ አቆመው።

«አማቼ፣ ጠዋት የበላሁትን ድንች ልትፋልህ እንዴ?» አለ ኢሊ። ቀጥሎ አንድ እግሩን አነሳ። «ይኸው፣ በአንድ እግሬ ቆምኩልህ። ቀለልኩ?»

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሆሬስ ብቻ አልሳቀም።

እንዴት ይሳቅ! ጀልባዋ የቶርፔዶ ጀልባ ናት። ትልቁ የጦር መርከብ እንደ ልጅ አዝሏት ይሄዳል፤ ጠላት ሲታይ በክሬን አንስቶ ባሕር ላይ ያወርዳታል። እሷም በእንፋሎት ተስፈንጥራ ትሄድና በውሃ ሥር የሚሮጠውን ፈንጂ፣ ቶርፔዶዋን፣ ጠላት ሆድ ላይ ለቅቃ፣ ነፍሴ አውጪኝ ብላ ትሸሻለች። ከከበደች ክሬኑ አያነሳትም፤ ከዘገየች መድፍ ይበላታል። የባሕር ኃይል ሹማምንት ሁለቱንም ወሰን ቆርጠው ሰጥተዋል፦ ከዚህ በላይ እንዳትከብድ፣ ከዚህ በታች እንዳትዘገይ። ፍጥነት የሚሰጠው እንፋሎቱን የሚያፈላው ቦይለር ነው፤ ቦይለር ደግሞ ብረት ነው። ነገሩ እንደ አጭር ብርድ ልብስ ነው፤ ደረትህን ስትሸፍን እግርህን ይበርድሃል። ሆሬስ የጀልባዋን ቆዳ አሳሳ፣ አሳሳ፣ በመጨረሻ ሰው በክርኑ ቢደገፈው የሚሰረጉድ ሆነ።

እሳቱ የሚነድበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ እሱም ኢሊ ነው። ክፍሉ ድፍን ተደርጎ ይዘጋና ማራገቢያ አየር ያምቅበታል፤ ያን ጊዜ እሳቱ እንደ እብድ ይጮኻል፣ ጀልባዋም ትበራለች። መውጫው በቦይለሩ ጎን ያለው በር ነው። ሆሬስ ግን ማንም ሳያዘው ሌላ መውጫ ጨመረ፦ ከኢሊ ራስ በላይ፣ በጣሪያው ላይ፣ ክዳን ያላትና መሰላል የተበጀላት ክብ ቀዳዳ። ንድፉ ካለቀ በኋላ ያሰባት ስለሆነች በቀይ ቀለም ሣላት። የቦይለሩ ቧንቧ ቢፈነዳ እሳቱም እንፋሎቱም የሚመጣው በበሩ በኩል ነው። እዚያ ውስጥ የሚቆመው ሰው የማን ባል እንደሆነ ደግሞ ሆሬስ ያውቃል።

እህቱ ዶርካስ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ናት፤ «እቴ» ይላታል። የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ነው የምትኖረው። ንድፍ የሚሣለው በአሚዶ በደረቀ ስስ በፍታ ላይ ነውና፣ ሆሬስ ያረጀውን ንድፍ ሁሉ ይወስድላታል። እሷም ቀለሙን በሙቅ ውሃ ታስለቅቀዋለች፤ ከዚያ መሐረብ ይሆናል፣ የትራስ ልብስ ይሆናል፣ ለኢሊ የላብ መጥረጊያ የአንገት ጨርቅ ይሆናል። ኢሊም «የንግሥቲቱን የጦር ምስጢር አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የምዞረው» እያለ መጠጥ ቤት ውስጥ ይኩራራ ነበር።

ጀልባዋ በክሬን የምትመዘንበት ቀን ደረሰ። ተነሳች፣ ተንጠለጠለች፣ ከበደች።

ሁሉም ሰው ሆሬስን አየው። እሱም አመድ መስሎ ጀልባዋን ዙሪያዋን ዞራት። እያንዳንዷን ብሎን በእጁ መዝኗል፤ ከየት መጣ ይሄ ክብደት? በመጨረሻ ጎኗን በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ቀለሙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ። ሚስተር ጋስኮይን ሹማምንቱ ፊት እንድታብረቀርቅለት ብሎ በላይ በላዩ ሦስት ጊዜ አስቀብቷታል። የቀለም ቤቱ ከጓሮ ነው፤ ባልዲዎቹ በጓሮ በር ገብተዋል። ሚዛኑ ግን የቆመው በፊት ለፊቱ በር ላይ ነው።

«ቀለም ደግሞ ይመዝናል እንዴ?» አለ ጋስኮይን።

«ሁሉም ነገር ይመዝናል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ቀደም ብለህ አትነግረኝም ነበር?»

ጉድ እኮ ነው! ቀለሙን ለመፋቅ ጊዜ የለም፤ የፍጥነት ፈተናው ደርሷል። መልህቁን በትንሽ ለወጡት፤ አግዳሚ መቀመጫዎቹን ነቀሉ፤ የእጅ መደገፊያውን ቆረጡ። አሁንም የምትቀነስ ትንሽ ክብደት ቀረች። ጋስኮይን ንድፉ ላይ አጎንብሶ ወፍራም ጣቱን ቀይዋ ክብ ላይ አሳረፈ።

«ይቺስ?»

«እሷ የሰው መውጫ ናት።»

«በር የለውም?»

«አለው፣ ግን...»

«አንድ ሰው በስንት በር ነው የሚወጣው?» ቀና አለና ኮቱን አስተካከለ። «ካለፈች ሌሎች አሥር ይታዘዙናል። ካላለፈች ክረምቱን ግቢውን እዘጋለሁ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ከነልጆቹ ምን እንደሚበላ አንተው ትነግራቸዋለህ። ግን ነዳፊው አንተ ነህ። እኔ አላስገደድኩህም።»

ይገፈትርህና «አልገፋሁህም» ይላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ነው መፍራት። ሆሬስም ወጣ።

ኢሊን ወንዙ ዳር አገኘው፤ ከጎድጓዳ ሳህን የተቀቀለ የእባብ ዓሣ በጣቱ እያወጣ ይበላል። ሆሬስ አጠገቡ ተቀምጦ ነገሩን ነገረው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኢሊ እንቢ እንዲልለት ነበር የሄደው። ኢሊ «ሞቼ ነው ያለ መውጫ የምገባው!» ብሎ ቢጮህለት፣ ጩኸቱን ተሸክሞ ወደ ጋስኮይን ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

ኢሊ ግን ሳቀ። «እኔን ትጠይቀኛለህ? ብሎን በእጁ የሚመዝን ሰው እኔን ይጠይቃል! አማቼ፣ አንተ ትሥላለህ፣ እኔ ከሰል እጨምራለሁ። ጀልባዋ ያለሷ ትችላለች?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ነበረች፤ «አትችልም» የምትል። ሆሬስ ግን «ቦይለሩ አዲስ ነው» አለ።

«በቃ፣ ትችላለቻ! ደግሞ ያቺ ቀዳዳህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ማጅራቴ ላይ ነው የምታንጠባጥበው። ና፣ ዓሣ ብላ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! የሆሬስ ዝምታ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነቅዟል። ሄዶ ንድፉን ያለ ክቧ በአዲስ ጨርቅ ላይ ገለበጠ፤ ብረት ሠሪዎቹ መሰላሉን አውጥተው ቀዳዳዋን በስስ ብረት ደፈኗት። አሮጌውን ጨርቅ ጠቅልሎ ለኢሊ ሰጠው። «ለእቴ ስጣት» አለው።

የፈተናው ጠዋት ነፋሻ ነበር። ጀልባዋ ወንዙ ወደ ባሕር በሚሰፋበት ቦታ፣ ዳርቻው ላይ በተተከሉት ሁለት ምሰሶዎች መካከል መሮጥ አለባት። ሆሬስ ከጋስኮይንና ከባሕር ኃይሉ ሹም ጋር ጀርባዋ ላይ ቆሟል። ኢሊ አዲስ የታጠበ የአንገት ጨርቁን አስሮ፣ በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ዞር አለና «ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ እንዳትከብዷት!» አላቸው። በሩ ተዘጋበት።

በመጀመሪያው ሩጫ ጥቂት ፍጥነት አነሳት። ጋስኮይን በመነጋገሪያው ቧንቧ «ጨምር!» ብሎ ጮኸ። በሁለተኛው ሩጫ ማራገቢያው ፉጨቱን ለቀቀው፤ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው ተነሳ፤ የሆሬስ ጥርሶች ተንቀጫቀጩ። ሁለተኛው ምሰሶ በጎናቸው ሲያልፍ ሹሙ ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ። ጋስኮይን የሆሬስን ትከሻ መታ መታ አደረገው። አልፋለች።

ወዲያው ከሥር «ጓ!» የሚል ድምፅ መጣ። በበሩ ዙሪያ ነጭ እንፋሎት ተተፋ።

መካኒኩ በሩን ሊከፍት ሞክሮ እጁ ተቃጥሎ ወደቀ። ሆሬስ ግን ወደ በሩ አልሄደም። በእንብርክኩ እየዳኸ ቀዳዳዋ ወደነበረችበት ቦታ ሄደ። ኢሊም እዚያው ነበር፣ ከሥር። በአካፋው ጣሪያውን ይመታል። ብረቱ ስስ ነው፤ ሆሬስ ራሱ ነው ያሳሳው፤ በእያንዳንዱ ምት ከመዳፉ ሥር ወደ ላይ ጉብ ይላል። «ኢሊ! ኢሊ!» እያለ በቡጢው ይደበድበዋል። «መጥረቢያ አምጡ! መጥረቢያ!» መጥረቢያ የለም። መጥረቢያውን ለክብደቱ ብሎ ያስወረደው ራሱ ነው። ብረቱ ጉብ አለ፤ እንደገና ጉብ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ቀረ።

ኢሊን ቀበሩት። የባሕር ኃይሉ ሹም የአበባ ጉንጉን ላከ። ጀልባዋን ሹማምንቱ ቧንቧዋ ተቀይሮ ተረከቧት፤ አሥሮቹም ታዘዙ። በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፦ የምሰሶዎቹን ፈተና ያለፈች ጀልባ ሚስማሯ አይነካም፤ እህቶቿ ልክ እንደሷ ነው የሚሠሩት። ሚስተር ጋስኮይን ከቀብሩ መልስ ሆሬስን ጠርቶ ጥቅል በፍታ አቀበለው።

«ፈርምበትና ነገ ሥራ ይጀመር። ስለ ኢሊ አዝናለሁ። ግን ራሱ ፈቅዶ ነው የገባው፤ አንተ ነህ የነገርከኝ።»

አዎ፣ ነግሮታል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት፣ ያን ዕለት ከወንዙ ዳር ሲመለስ «ኢሊም ፈቅዷል» ብሎት ነበር።

ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ዶርካስ ቤት ገባ። ምድጃው ላይ ካውያዎቹ ተደርድረዋል፤ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ሐዘንተኛ ናት ብሎ የሸሚዝ ባለቤት አይጠብቅም። ቀና ብላ አላየችውም።

«ጌታህ መጥቶ ነበር» አለች። «ኢሊ ራሱ ፈቅዶ ነው አለኝ። ምኑን ነው የፈቀደው?»

ሆሬስ ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ አጠበቀ።

«ተቀመጥ። አንድ ነገር ላሳይህ።» ከመሳቢያ ግማሽ ጨርቅ አወጣች። «የላክህልኝ ነው። ለሁለት ቀደድኩት፤ ግማሹን አንገቱ ላይ አስሮ ሄደ። ይሄኛው ግማሽ አልጠራ አለኝ። ጥቁሩ ወዲያው ለቀቀ፤ ይቺን ግን ባሻት ባሻት እንቢ አለች።»

በነጩ በፍታ መሐል የደበዘዘች ቀላ ያለች ክብ አለች።

«ምንድን ናት?»

«መውጫ ናት፣ እቴ። ጣሪያው ላይ ነበረች። ከራሱ በላይ።»

«ነበረች?»

«አነሳኋት። ጀልባዋ ከብዳ ነበር። ኢሊን ጠየቅኩት... እንቢ እንዲለኝ ነበር የጠየቅኩት።»

ዶርካስ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች። «እንቢ ማለት የሱ ነበር? እሱ ምኑን ያውቀዋል? አንተ ደህና ነው ካልከው ገደል ይገባልህ ነበር እኮ! ሆሬስ የሣለው አይሰበርም እያለ ስንቱን ሰው ሲሰድብልህ የኖረ!» ካውያውን ምድጃው ላይ መለሰችው። «ስንት ትመዝን ነበር?»

ሆሬስ ቁጥሩን ያውቀዋል። ምድጃው ላይ ወደተደረደሩት ካውያዎች በአገጩ አመለከተ። «እነዚያን ያህል።»

ዞር ብላ አየቻቸው።

«ይሄን?» አለች በሹክሹክታ። «በየቀኑ የማነሳ የማስቀምጠውን?»

ሆሬስ አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም። እንባው ሲቆም ብብቱን አየች።

«እሱስ ምንድን ነው?»

«የሚቀጥሉት ጀልባዎች። አሥር ናቸው። ልፈርምበት ነው የሰጠኝ።»

ተቀብላው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ንድፍ ማንበብ አታውቅም፤ ጣቷን ግን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አስኬደችው። ምን እየፈለገች እንደሆነ ገባው።

«የታለች?»

«የለችም፣ እቴ። ያለፈች ጀልባ አትነካም።»

ዶርካስ ጨርቁን ሰብስባ ጭኑ ላይ ጣለችለትና በእግሯ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ወደሱ ገፋችው። ውሃው ገና ይጨሳል።

«እጠበው።»

«ያባርረኛል። ነገ ሌላ ነዳፊ ጠርቶ ያስሥለዋል፤ ጀልባዎቹ እንደሆኑ መሠራታቸው አይቀርም።»

«ይሣለው» አለች። «እሱ ወንድሜ አይደለም።»

ሆሬስ እጅጌውን ጠቀለለ፤ ተንበረከከ፤ ንድፉን ውሃው ውስጥ ነከረው። መጀመሪያ አሚዶው ለቀቀ፣ ቀጥሎ ቀለሙ። ቦይለሩ ሄደ፤ በሩ ሄደ፤ ውሃው ጠቆረ። ቀይ መስመር አልነበረበትምና ጨርቁ ሳያስቸግረው ንጹሕ ነጭ ሆነ።