የጋሽ በከር አረንጓዴ

ፋይዛ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ የመጀመሪያ እርምጃዋ ያረፈው የሌጎ ጡብ ላይ ነበር። በባዶ እግሩ ሌጎ ረግጦ የማያውቅ ሰው ይህን ሕመም በወሬ አይረዳውም። ጡቧ ትንሽ ናት፤ የምትሰማው ግን አናት ድረስ ነው።

«ዘሀራ! እግሬን በሳሽው!» ብላ ጮኸች።

ታላቅ እህቷ ዘሀራ ጥግ ካለው ጠረጴዛዋ ተነሥታ መጣች። የመጣችው ግን እግሩን ለማየት አልነበረም። ጡቧን ከወለሉ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻትና አገላብጣ አየቻት፤ በጥፍሯም ጠርዟን ዳበሰቻት። «ተጭራለች» አለች ከልቧ አዝና። «በቃ፣ ይቺ አትሆንም።» ከዚያ «ውድቅ» የሚል ወረቀት የለጠፈችበት ባልዲ ውስጥ ጥላት ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የፋይዛ እግር ይድማ አይድማ የጠየቀ የለም።

ፋይዛ ቅጥል አለች። መቃጠል የጀመረችው ግን ያን ቀን አይደለም።

እህትማማቾቹ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባታቸው ከጋሽ በከር ጋር ነው። እናታቸው ሺፋ ከሞቱ ቆይተዋል። አንዱ መኝታ ቤት የአባትየው፣ ሌላው የሁለቱ ነው። የሁለቱ ይባል እንጂ ለፋይዛ የደረሳት አልጋዋ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሌጎ ወርሶታል። ነጩ በአንድ ጣሳ፣ ቡናማው በሌላ ጣሳ፤ ነጩ ራሱ ደግሞ ነጭ የሆነውና ወተት የሚመስለው ተለይቶ በየጣሳው። ዘሀራ ሜክሲኮ ካለ ባንክ ፊርማ ስታመሳክር ትውላለች፤ ቤት ገብታም ማመሳከሯን አትተውም። እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ጡብ አትነካም። የሰካችውን ረድፍ በማንኪያ ጀርባ ትጫነዋለች፣ ክር ወጥራ ታስተያየዋለች፣ ከክሩ ጋር ካልተስማማ ታፈርሰዋለች። በየጡቡ እብጠት ላይ የተጻፈችው ደቃቅ ፊደል እንኳ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለባት።

«ፊደሏን እኮ ከላይ የሚመጣው ጡብ ይሸፍናታል፤ ማን ሊያያት ነው?» ብላ ፋይዛ አንዴ ጠይቃት ነበር።

«እኔ አውቃታለሁ» አለች ዘሀራ።

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥን ሰው ምን ይሉታል? ዝም ይሉታል። ለፋይዛ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

ይህ ሁሉ መከራ ለጨዋታ ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ዘሀራ በሌጎ የምትሠራው ግን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረውን የድሮ ቤታቸውን ነው። ጋሽ በከር ዕድሜ ልካቸውን የብረት በር ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወጥቶ የሚገባው በእሳቸው እጅ ሥራ ነበር። የገዛ ቤታቸውን በር የሚቀቡት ከየሰው ሥራ በተረፈ ቀለም ነበር። በየዓመቱ ለኢድ፣ ከዚህ ጣሳ ሰማያዊ ከዚያ ጣሳ ቢጫ እየቀላቀሉ፣ ሱቅ ውስጥ የማይሸጥ አንድ አረንጓዴ ያወጡ ነበር። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው በአዲስ ቀሚስ ሲሯሯጡ ከኋላቸው «እንዳትነኩት! አልደረቀም!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አንዷ ግን መንካቷ አይቀርም። ዘሀራና ፋይዛ አረንጓዴ ያልነካው የኢድ ቀሚስ ለብሰው አያውቁም።

ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ የጋሽ በከር ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። «የጠፋውን መመለስ አይቻልም፤ የቀረውን ግን በጠብታው እናቆየዋለን» ሲል ፋይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ሲመለሱ ጋሽ በከር ታክሲው ውስጥ «ሳይጨልምብኝ ያን ቤት አንድ ጊዜ ባየው» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው ፎቶ ቤት ተሄዶ ስለነበረ የቤቱ ፎቶ የሚባል ነገር የላቸውም። ፋይዛ ይህን ማታ ለእህቷ ነገረቻት፤ ዘሀራ ወዲያው ተነሥታ ወደ አባቷ ሄደችና «እኔ እሠራልዎታለሁ አባባ» አለች። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ።

ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው አልቋል፣ እናታቸው ይቀመጡባት የነበረችው የደጃፍ ድንጋይ ሳትቀር ቦታዋን ይዛለች። የቀረው በሩ ብቻ ነው። የበር ቁራጭ እንደ ልብ ይገኛል፤ ያ አረንጓዴ ግን አይገኝም። ከዱባይ ያስመጣችው ጠቆረባት፣ ከቻይና የመጣው የፋርማሲ ታፔላ መሰለባት፣ መርካቶ ያገኘችው ሣር ሆነባት። ሁሉም ውድቅ ባልዲ ገቡ። በሩን ስትጠብቅ ደግሞ ያለቀውን ግድግዳ ታያለች፤ ስታይ ስሕተት ታገኛለች፤ ታፈርስና እንደገና ትሠራለች። አባትየው እንዳያዩትም መኝታ ቤቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው። «ሳያልቅ አይታይም» ብላለች።

ጋሽ በከርም አንድ ቀን አላጣደፏትም። «ቀስ ብላ ትሥራ፤ እኔ እንደሆንኩ ደህና አያለሁ» ነው የሚሉት። ጋዜጣ ትተዋል፤ ጽሑፉን አሳንሰውታል ይላሉ። ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ዜና ይሰማሉ፤ ስዞር አንገቴን ያመኛል ይላሉ። አባት ዓይኔ ደህና ነው ካለ ማን ይከራከረዋል? ፋይዛም ሱቅ አለባት፤ ደህና ነኝ የሚል አባት ደግሞ ለሥራ ያመቻል።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ልብስ በምትሸጥበት ሱቋ ሳለች ከዓይን ክሊኒኩ ተደወለላት። አባትዎ በቀጠሯቸው አልመጡም፤ ባለፈውም አልመጡም፤ ከዚያ በፊት በነበረውም አልመጡም። ፋይዛ ደሟ ፈላ። «ሄጄ መጣሁ፣ ደህና ነው ብለውኛል» ብለዋት ነበር እኮ! ሱቋን ዘግታ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ «ዛሬ ከሁሉም ጋር ካልተጣላሁ ዓይኔን ግን...» ብላ ጀምራ ምላሷን ነከሰች። ሐኪሙ ያን ቃል ከተናገረ ወዲህ በዚያ ቤት በዓይን አይማልም።

ጋሽ በከር ሳሎን ሶፋው ላይ መስበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር።

«አባባ፣ ክሊኒክ አልሄዱም አሉኝ!»

«ምን ያደርግልኛል ልጄ? አልሐምዱሊላህ፣ አያለሁ እኮ።»

«አይተው ነው እንግዲህ የሚዋሹኝ?»

«ተይ፣ አትቆጪ» አሉ ፈገግ ብለው። «አያለሁ አልኩሽ።»

አመነቻቸው። ማመኑ ቀልሏት ነው እንጂ የሚታመን ነገር አልነበረውም። ንዴቷ ግን አልወጣላትም፤ ይዛው ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ዘሀራ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ የአውራ ጣቷን ጥፍር ከቤቱ የፊት ግድግዳ ጡቦች በአንዱ ሥር ሰክታለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የፊት ለፊቱን ላወርደው ነው። ሁለት ዓይነት ነጭ ተቀላቅሎበታል። እይው፤ ከመስኮቱ በታች ያሉት ወተት ይመስላሉ።»

ፋይዛ አየች። ነጭ ነው። ዓይኗን አጥብባ ደግማ አየች፤ አሁንም ነጭ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ጨጓራዬን ላጥሽው! ሁለት ዓመት ሙሉ! የገዛ አባትሽ ሁለት ዓመት ደጅ ጠኑሽ እኮ!»

«ሳያልቅ ምን ላሳያቸው? በር የሌለው ቤት?»

«አዎ! በር የሌለው ቤት! ዓይናቸው አንቺን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? እንደ ጡብሽ ፈርሶ ይሠራል?»

«አትጩሂ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

ዘሀራ ቀና አለች። «አንቺ ይሄ ዕብደት ነው የሚመስልሽ። አንድ ጊዜ ባየው ነው ያሉት አይደል? አንድ ጊዜ! ከዚያ ሲጨልምባቸው የሚቀርላቸው እሱ ብቻ ነው። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያዩት እኔ የሠራሁትን ነው፤ የተሳሳተ ነጭ፣ የተሳሳተ አረንጓዴ ይዘው እንዲኖሩ ትፈልጊያለሽ?»

ፋይዛ ይህን ስትሰማ ንዴቷ ለአፍታ በረደ። እውነትሽን ነው ልትላት ምንም አልቀራትም ነበር። ዘሀራ ግን ተናግራ ስትጨርስ ጥፍሯን መልሳ ጡቧ ሥር ሰካች፤ ጡቧም ቀጭ ብላ መነቃነቅ ጀመረች።

ያኔ ፋይዛ ቱግ አለች። እህቷን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ቤቱን ከነጣውላው ብድግ አደረገችው።

«አስቀምጪው! እጅሽን እንኳ አልታጠብሽም!»

ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ስለ እጅ መታጠብ ያወራል? ፋይዛ በሩን በእግሯ ከፍታ ሳሎን ወጣች፤ ዘሀራ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ እየጎተተቻት ነው። ቤቱን አባትየው ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው አባባ፣ ቤታችን።»

«አላለቀም አባባ! አይመልከቱት፣ አላለቀም!» ዘሀራ በንዴት ታለቅሳለች።

ጋሽ በከር መስበሃቸውን አስቀመጡ። ወደፊት ጎንበስ አሉና ፊታቸውን ወደ ቤቱ መለሱ። ከበረንዳው የሚገባው ፀሐይ ነጩ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ በሩ ሊሆንበት የሚገባው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ጎድሎ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፋይዛ ያን ጉድለት እያየች፣ አባቷ ምን ይሉ ይሆን ብላ ጠበቀች።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ በከር። «ማሻአላህ፣ ልጄ። ግድግዳውም፣ ጣሪያውም... የሺፋም ድንጋይ እቦታዋ ናት። በሩ ደግሞ! አረንጓዴው ራሱ እኮ ነው! ከየት አገኘሽው ዘሀራ? እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ ቀላቅዬው አላውቅም።»



«የቱ በር?» የሚለው ቃል ፋይዛ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷን ቀና ብላ ስታይ ዋጠችው። ዓይናቸው ወደ ቤቱ ዞሯል፤ ያረፈው ግን ቤቱ ላይ ሳይሆን ከእሱ አለፍ ብሎ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አንገቴን ያመኛል ያሉት፣ ያልሄዱበት ቀጠሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ልጅቷ እጇ እስኪቆስል እየለፋች ነው፤ ጨልሞብኛል ቢሏት ልፋቷ መና ሊቀር ነው። ስለዚህ ይሉኝታ ያዛቸውና «ቀስ ብላ ትሥራ» አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከአምናው ኢድ? ከዚያ በፊት? ፋይዛ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። መጀመሪያ የተናደደችው በአባቷ ነው፤ እንዴት ይዋሹኛል? ቀጥሎ በዘሀራ፤ ቀለም ስትመርጥ ቀለሙ የተፈለገለት ዓይን ጠፋ። ከዚያ ክሊኒክ ድረስ እጃቸውን ይዛ መሄድ ያቃታት ማን እንደሆነች ትዝ አላት። ንዴቷ እዚያ ደርሶ ከእሷ አልወርድ አለ።

ጋሽ በከር እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው የጣሪያውን ጫፍ አገኙ፣ ቆርቆሮውን ቀስ ብለው ዳሰሱ፣ ወደ ግድግዳው ወረዱ፣ መስኮቱን አለፉ። ወደ በሩ እየሄዱ ነው።

ፋይዛ ዘሀራን አየቻት። ዘሀራም ገብቷታል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አንድ ቃል ሳትናገር ዞራ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠችና ባልዲዋን ታቅፋ ተመለሰች። እጇን አልታጠበችም። ሳታይ ባልዲው ውስጥ ከተተችው፤ በር የመሰላትን ቁራጭ ይዛ አወጣችና «ቆይ አባባ፣ አቧራ አለው፣ ልጥረግለት» እያለች ጉድለቱ ውስጥ በአውራ ጣቷ ጠቅ አድርጋ ሰካችው። ቀይ ነበር። ጠርዙ የተጫረ ቀይ፣ ወደ አንድ በኩል ዘንበል ያለ። አላቀናችውም።

የጋሽ በከር ጣት በሩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረጉ።

«ደርቋል?» አሉ።

ፋይዛ አፏን በእጇ ያዘች። ዘሀራ ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አባቷ ጉልበት ሥር በርከክ አለች፤ እጃቸውን ይዛ በሩ ላይ አሳረፈችው።

«ደርቋል አባባ» አለች። «ይንኩት።»