የኦግዌኖ የለቅሶ ደንብ

ክቡር ኦግዌኖ ከልምድ ልውውጥ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አዲስ ሻንጣና አዲስ ሐሳብ። ሻንጣውስ ደህና ነበር።

ሰውዬው የከተማችን ምክር ቤት አባል ነው። በዚያ ላይ የኢኮኖሚ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሩቅ ምሥራቅ ድረስ በሕዝብ ገንዘብ በርሮ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሰዎቹ ጠዋት ቀብረው ከሰዓት ሥራ ሲገቡ! «አገኘሁት!» አለ። «እኛን ያደኸየን ለቅሶ ነው!» እኛ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ያደኸየን መንገዱ መስሎን ነበር፤ ያ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚመረቀው፣ ምርጫው ሲያልፍ ተመልሶ ጭቃ የሚሆነው።

በእኛ ሐይቅ ዓሣው ከጠፋ፣ የስኳር ፋብሪካውም ከተዘጋ ወዲህ የቀረን ሥራ ለቅሶ ነው። ፕሊስታ ድንኳንና ወንበር ታከራያለች። አንዱ በሬ ያቀርባል፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ ይተክላል፣ ሴቶቹ ኡጋሊ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ጎረምሳው በሞተር ሳይክል ለቀስተኛ ያመላልሳል። ኦግዌኖ ይሄን ሁሉ አላየም። ቢያይማ ማን የኢኮኖሚ ሰብሳቢ ያደርገዋል?

ደንቡን አረቀቀ። ለአንድ ሟች አንድ ድንኳን፣ አንድ በሬ፤ ዛሬ ተለቅሶ ነገ ቀብር። ምክር ቤት ውስጥ በዓይኑ ሊያየው የማይፈልገው ኒያንጉዌሶ የሚባል ሰው አለ። እሱ ተነሣና፣ «እደግፋለሁ፤ አንዲት ነገር ብቻ ትጨመርልኝ» አለ። «የምክር ቤት አባል ለቅሶ ላይ ማይክ አይያዝ። ሬሳውን ፀሐይ ላይ የሚያቆየው የኛ ንግግር አይደል?»

ኦግዌኖ ሆዱ በደስታ ሞላ። ለቅሶ ላይ ሰው የሚያስለቅሰው፣ ድምፅም የሚለቅመው ኒያንጉዌሶ ነዋ! በገዛ እጁ አፉን ሲዘጋ ማን ይከለክለዋል? «ግሩም ማሻሻያ!» ብሎ እጁን ከሁሉ ቀድሞ አወጣ። ደንቡ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሡ።

ፕሊስታ ቢሮው ድረስ ሄደችለት።

«አንተ የሲፕሮሳ ልጅ፣ ድንኳኖቼን ምን ላድርጋቸው?»

«ፕሊስታ፣ ወደ ሌላ ዘርፍ ተሸጋገሪ።»

«የቱ ዘርፍ?»

«ገና ይጠናል።»

«እስኪጠና ምን ልብላ? ሸራ?»

ብዙም አልቆየ፣ የኦግዌኖ አባት ሞቱ። ሽማግሌው የልጃቸውን ደንብ አልሰሙም መሰለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ፣ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ ለሳቸው አንድ ድንኳን!

ኦግዌኖ ወደ ፕሊስታ በረረ። «ፕሊስታዬ፣ እህቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ድንኳን!»

«ዛሬ ነው እህትህ የሆንኩት? ያኔ ዘርፍ ነበርኩ እኮ።»

«በሞተው አባቴ!»

«አባትህማ አባቴም ናቸው፤ እሰጥሃለሁ። አንድ። ደንብ ወጥቷል፣ አልሰማህም እንዴ?»

በሬ ሻጩም እንደሷ አንድ አቀረበ። እሱም ከሟቹ እምብዛም የማይሻል።

በቀብሩ ቀን አገሩ ነቅሎ መጣ። ድንኳኑ የሬሳ ሣጥኑንና የኦግዌኖን እናት ሲፕሮሳን ይዞ ሞላ። የቀረው ሰው ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሕግ አክባሪ ሆነን አናውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ቅዱሳን ነበርን። «ሥጋ አልደረሰሽም?» ትላለች አንዷ። «ልማት ነው፣ ምራቅሽን ዋጪ» ትላታለች ሌላዋ። ኦግዌኖ ይሰማል፤ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል።

በእኛ ወግ ሣጥኑ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት የበኩር ልጅ ቆሞ አባቱን ያናግራል። ያላናገረ ልጅ አባቱን አልቀበረም ይባላል፤ እስኪሞት የሚከተለው ስም ነው። ኦግዌኖ ተነሥቶ ወደ ማይኩ ሲሄድ ኒያንጉዌሶ ፖሊስ አስከትሎ ቀድሞ ቆሟል።

«ክቡርነትዎ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ማይኩን ግን አይችሉም። ደንቡ የርስዎ ነው።»

«ምንድነው የሚለው?» አለች ሲፕሮሳ። «ልጄ አባቱን እንዳይሰናበት?»

«ማማ፣ ልጅዎማ ይችላል። የማይችለው የምክር ቤቱ አባል ነው። ወንበሩን እዚሁ ሕዝብ ፊት ይልቀቅና እስኪመሽ ያውራ።»

ኦግዌኖ ወንበሩን ሲያስብ መኪናውም፣ አበሉም፣ የልምድ ልውውጡም አብረው መጡበት። ወዲያው ደግሞ ሣጥኑ ላይ ዓይኑ አረፈ። የሠሩት የሽማግሌው ጓደኞች ናቸው፤ ልክ እንደ ጀልባ አድርገው ገጣጥመው፣ ሬንጅ ቀብተውታል። ያ ሽታ ሸተተው። ልጅ ሆኖ ደረታቸው ላይ ሲተኛ የሚሸተው ሽታ።

ኮቱ ላይ የተሰካችውን የምክር ቤት አባልነቱን የባንዲራ ምልክት ነቅሎ እናቱ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ለቅቄያለሁ» አለ። «ሁላችሁም ስሙ።»

ኒያንጉዌሶ ራሱ ማይኩን አቀበለው።

«አባዬ፣ የትኛው እንጨት እንደሚሰጥም፣ የትኛው እንደሚንሳፈፍ አስተማርከኝ። እኔ ግን ቢሮ ገባሁ። ስትታመም ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ውሃ አምጡልኝ ስትል ያመጣልህ የጎረቤት ልጅ ነው። ይቅር በለኝ።» አፉ «ፖሊሲ» የምትለውን ቃል ሳያወጣ ይሄን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሴቱ አለቀሰ። ፕሊስታ እንኳ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች፣ «ይሄ ሰይጣን!» ትላለች።

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ሰው ሲያለቅስ አየና አመሉ ተነሣበት። «አባቴ ታላቅ ራዕይ ነበራቸው! ስለዚህ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይሄን መንገድ...»

ሲፕሮሳ ማይኩን ከእጁ መንጭቃ፣ «ጨርሷል! ሣጥኑን አውርዱ!» አለች። ቀብር ላይ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም።

መቃብሩ አፈር ከለበሰ በኋላ ኦግዌኖ እናቱን ወደ ጎን ሳባት። ወዲያ ማዶ ፕሊስታ የደንቡ ባለቤት ለቋል ብላ የቀሩትን ድንኳኖች አምጥታ እየተከለች ነው፤ ያ ፖሊስ ደግሞ ገመድ ይወጥርላታል።

«እማ» አለ በሹክሹክታ፣ «በጽሑፍ እኮ አልለቀቅኩም። በቃል አይጸናም። ያቺን ባንዲራ ወዲህ በይኝ።»

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

ሲፕሮሳ ወደ ትኩሱ አፈር በአገጯ ጠቆመች። «አባትህ ጋር ናት። ከፈለግክ አናግራቸው፤ ዛሬ ማናገር ችለህበታል።»

ኦግዌኖ መቃብሩ አጠገብ ብዙ ቆመ። አካፋውን ግን ማንም አላቀበለውም።