ዘጠኝ ያልተቆጠሩ ኳሶች

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ተኽኣ ደወሉን ከመንካታቸው በፊት፣ በሰይፈ ገብርኤል ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሁለት የቪዲዮ ካሴቶች፣ አንድ ማስመሪያ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የተገለጠ ደብተርና በደብተሩ እጥፋት ላይ የተጋደመ እርሳስ ነበሩ። የእርሳሱ ጫፍ ወደ መስኮቱ ነበር። ሰይፈ ገብርኤል እርሳስ ሲያስቀምጥ ሁልጊዜ ጫፉን ወደ ብርሃን ያደርጋል። ልማዱን ያመጣው በወጣትነቱ ዝናብና ሙቀት ይለካበት ከነበረው የኮምቦልቻ የአየር ጠባይ ጣቢያ ነው። አሁን የሚሠራው አውሮፓ ውስጥ፣ በሽቫንሃይም ሰፈር፣ ከቤቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ የውኃ ማጣሪያ ሲሆን፣ እዚያም ሥራው ቆጣሪ ማንበብ ነው።

ጋሽ ተኽኣ የመጡት የተዋሱትን ሦስተኛ ካሴት ሊመልሱ ነው። ደብተሩን ከሩቅ አዩና፣ «የኮምቦልቻን ዝናብ ቆጥረህ ጨረስከውና ወደ ኳስ ዞርክ?» አሉት። የዘወትር ቀልዳቸው ነው። ውኃ ቀረበላቸው። ሰይፈ ገብርኤል የታጠበ ልብሱን ከማሽን ሊያወጣ ወደ ምድር ቤቱ ወደ ኬለር ወረደና አራት ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ ካሴቱ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል፤ ጋሽ ተኽኣ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። የከተማው ባቡር፣ ሽትራሰንባኑ፣ እንዳያመልጣቸው ብለው ወጡ። ውኃው ከግማሽ በላይ ቀርቷል። የእርሳሱ ጫፍ ወደ በሩ ዞሯል።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ተጽፎ የነበረው የስድስቱ ኳርተርባኮች ደረጃ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1996 ጸደይ ነበር። የአሜሪካኖች ፉትቦል በስድስት የአውሮፓ ከተሞች መካከል ይካሄዳል፤ ገና ሦስት ሳምንት መጫወታቸው ነው። በዚህ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባለው ኳሱን በእጁ ይዞ ለየትኛው ጓደኛው እንደሚወረውር የሚወስነው ሰው ነው፤ ቡድን የሚነሣውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። በቬስትኤንድ ሰፈር አንዲት ትንሽ ሳምንታዊ የስፖርት ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ሄር ዴትማን፣ እያንዳንዱን ውርወራ ከካሴት ቆጥሮ ስድስቱን በየሳምንቱ በደረጃ የሚያስቀምጥለት ሰው ይፈልግ ነበር። ውድድሩን የሚመራው ሊግ የሚልከው ፋክስ ድምር ብቻ ነው የሚይዘው፤ እሱ የፈለገው የእያንዳንዱን ኳስ ታሪክ ነው። ሥራው የግማሽ ቀን ቢሆንም ውል አለው።

ጋሽ ተኽኣ አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ግሪስሃይም ውስጥ በአሜሪካን ጦር መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው ሠርተዋል፤ ጨዋታውንም የተማሩት ከወታደሮቹ ነው። ጦሩ ከሁለት ዓመት በፊት ሲወጣ መጋዘኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ አገናኙ መሥሪያ ቤት፣ ከአርባይትስአምት፣ የሚደርሳቸው ደብዳቤ ብቻ ሆነ። የመጨረሻው ደብዳቤ ድጎማው በሰኔ እንደሚያበቃ ይናገራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ና እስቲ እንይህ ያላቸው ዴትማን ብቻ ነበር።

ዴትማን ቆጠራዎ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ ብሎ ሲጠይቃቸው ቆጣሪ የሚያነብ ወዳጅ እንዳላቸው ነገሩት። ወዳጃቸው ለብቻው ይቆጥራል፣ እሳቸውም ለብቻቸው፤ ስለ ቁጥሩ አይነጋገሩም፤ ሐሙስ ሁለቱም ፖስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከገጠመ ሥራው የጋሽ ተኽኣ ነው። ሰይፈ ገብርኤል የተጠራው እንግዲህ ለሚዛንነት ነው።

ረቡዕን የእርሳሱን መዞር ሲመዝን ዋለ። ክርን ነክቶት ይሆን? ክርን የነካው እርሳስ ይንከባለላል እንጂ ግማሽ ዙር ዞሮ እዚያው እጥፋት ላይ አይጋደምም። ነፋስ እንዳይሆን መስኮቱ ዝግ ነበር። ሽትራሰንባኑ በየአሥር ደቂቃው ነው የሚመጣው፤ ምን አስቸኮላቸው? ሰኞ ዕለት ደግሞ በስልክ ቆጥረህ ጨረስክ ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። ያኔ ጥያቄው ጥያቄ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ዴትማን ሁለቱን ፖስታ ቀዶ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አደረገ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያው ነው። ቁጥሮቹም ያው ናቸው። ጋሽ ተኽኣ ፈገግ አሉ። ዴትማን ከመሳቢያው የሊጉን ፋክስ አወጣና ጣቱን በአምስተርዳሙ ኳርተርባክ ላይ አሳረፈ። በሊጉ መዝገብ ሰውየው ዘጠና ሁለት ጊዜ ወርውሮ አምሳ አንዱ ተይዞለታል፤ አምሳ አምስት ነጥብ አራት በመቶ፣ አራተኛ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ግን ሰማንያ ሦስት ጊዜ ነው የወረወረው፤ ስድሳ አንድ ነጥብ አራት በመቶ፣ ሁለተኛ። ዴትማን ድምፁን ሳይለውጥ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለየብቻቸው በዘጠኝ ሲሳሳቱ ግን ያየሁት ትምህርት ቤት በፈተና ሰዓት ነው አለ። አብራችሁ ነው የሠራችሁት ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ተኽኣ በጭራሽ አሉ። ዴትማን ወደ ሰይፈ ገብርኤል ዞረ። ሰይፈ ገብርኤል አራቱን ደቂቃና የእርሳሱን ጫፍ ተናገረ። ገለበጡ አላለም። ያየውን ብቻ በቅደም ተከተል አስረዳ። ዴትማን ወረቀቶቹን አጣጥፎ ወደ ጎን አደረጋቸው።

ደረጃው ላይ ሲወርዱ ጋሽ ተኽኣ ቆሙ።

«ሰይፉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ይዣለሁ። አንዲት ሚስማር ጎደለች ያለኝ የለም።»

«ጋሽ ተኽኣ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ያየኸው እርሳስ ነው። እኔን ግን አምስት ዓመት አይተኸኛል፣ ሓወይ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ቀድመውት ወረዱ።

ሰይፈ ገብርኤል ቤቱ ገብቶ የአምስተርዳሙን ሦስት ጨዋታ በየካሴቱ እየፈለገ እንደገና ቆጠረ። ዘጠና ሁለት። ከደብተሩ ጋር አስተያየው። ዘጠኙም ውርወራዎች ደብተሩ ውስጥ አሉ፤ እያንዳንዳቸው በትንሽ ክብ ተከብበዋል፤ ከድምሩ ግን ወጥተዋል። ዘጠኙም ተቀባዩ እጅ ደርሰው ያመለጡ ኳሶች ናቸው። ክቡን የሠራው ራሱ ነው። ለምን እንደሚሠራው ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

የ1991ን ደብተር ከቁም ሣጥን አወረደ። ጋሽ ተኽኣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ይዘውት የሄዱበት ዓመት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ የእሳቸውን ቃል አገኘ፤ «ከመጋዘን ደህና የወጣ ዕቃ መንገድ ላይ ቢሰበር በአጓጓዡ ይጻፋል እንጂ በመጋዘኑ አይጻፍም። ኳስም እንደዚሁ ነው።» የሊጉ ሕግ እንዲህ አይልም። ሕጉ የመጋዘን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሲቆጥር ኖሯል፤ ያስተማሩትም ሰው እንደዚያው።

ኮምቦልቻ ሳለ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የሚያነቡ ሁለት ቴርሞሜትሮች ነበሩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ ሦስተኛ ይዞ ሲመጣ ሁለቱም በሁለት ዲግሪ ከፍ ብለው ተገኙ። አንዱ የተስተካከለው በሌላው ነበር።

ማክሰኞ የተመለሰውን ካሴት ከማጫወቻው ሲያወጣ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። በእርሳስ እንዲህ ተጽፎበታል፤ «ተመላሽ። ሙሉ። ማክሰኞ። ተኽኣ።» የዕቃ ግምጃ ቤት ሰው የተዋሰውን ሲመልስ ሳይፈርም አይወጣም።

ዓርብ ጠዋት የደብተሩን ገጽ ፎቶ ኮፒና ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዞ ዴትማን ዘንድ ሄደ። ዴትማን ሁለት ጊዜ አነበበው። ያመለጡትን ኳሶች በስድስቱም ላይ መልሶ ደመረ፤ ደረጃው ከሊጉ ጋር ገጠመ። ሰኞ ይደውልልዎታል ብለህ ንገራቸው አለው።

ከዚያ ግሪስሃይም ወዳለው ቤታቸው ተሻገረ። በሩን የከፈቱለት የጋሽ ተኽኣ ባለቤት ወይዘሮ ለተገብርኤል ናቸው። ተኝቷል አሉት። ቀትር ነበር፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ሰይፈ ገብርኤል ስለ ክቡ፣ ስለ ሁለተኛው ገጽ፣ ስለ ካሴቱ ጀርባ በዝርዝር አስረዳቸው። ወይዘሮ ለተገብርኤል እስኪጨርስ ጠበቁት።

«እነግረዋለሁ» አሉት። «ግን አንተ፣ ያን ቀን ብትጠይቀው ኖሮ ምን ይነግርህ ነበር?»

«ካሴቱን አገላብጠህ እየው ይሉኝ ነበር።»

«እንግዲህ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሰኞ ዴትማን ደወለ። ጋሽ ተኽኣ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ፈረሙ። ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሊጉ ፋክስ በቀር ሌላ መቆጣጠሪያ እንዳይኖር። ዴትማን ተስማማ።

በቀሩት ሰባት ሳምንታት በሊጉ መዝገብ የሰፈረው ውርወራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አንድ ነው። በጋሽ ተኽኣ ቆጠራ፣ ያመለጡትም ተደምረው፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ዘጠኝ። ሁለተኛ ቆጠራ አልተደረገም።