የሰኞ ሚዛን

ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ እናቱ አንገት ላይ መለሰው። ኢየሩስ ቀሚሷን አልቀየረችም፤ የቀራት ንጹሕ ልብስ ይኼው ብቻ ነበር፣ ሌሎቹ ሦስቱ በር ላይ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ልጁን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ፣ ስልኳ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ሞልታ እንደገና ቆመች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሜሮን ያዘዘቻት ይህንን ነው፤ ከጠባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ጥቂት ጥቂት ማጥባት፣ አስመለሰ ተብሎ ወዲያው መልሶ አለማጥባት።

ልጁ ከተወለደ አርባ አንድ ቀኑ ነው። ስሙ አጵሎስ ነው፤ ኢየሩስ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በስሙ አልጠራችውም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። በስሙ የጠሩት ልጅ ሲሄድ ይበልጥ ይከብዳል ብላ ፈርታ ነው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በተከራዩዋት ክፍል ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ከፍራሹም፣ ከመጋረጃውም፣ ከፀጉሯም አይለቅም። ጎረቤቱ ሁሉ "ሕፃን ሁሉ ያስመልሳል፣ ይተወዋል" ይላታል። ይተወዋል የሚሉት ሰዎች እቤታቸው ገብተው ይተኛሉ።

ዛሬ ጠዋት፣ ዓርብ፣ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመዝናው ነበር። ሜሮን ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገች፤ ነጥቡ ካለፈው ሳምንቱ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

"ሲወለድ ከነበረው በታች ወርዷል" አለች ሜሮን። "ሽሮፑን ስጪው፣ አያያዙን እንዳትተዪ። ሰኞ ጠዋት እንመዝነዋለን። ካልጨመረ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፣ ይተኛል።"

"ቢተኛስ ይድናል?"

"ብዙዎቹ ይድናሉ።" ሜሮን ካርዱን አጥፋ ሰጠቻት። "እንጥል ቆራጭ ጋ ብቻ እንዳትወስጂው። ባለፈው ወር አንዱ ደሙ አልቆም ብሎ መጥቶብናል።"

ያ ልጅ ምን እንደሆነ ኢየሩስ አልጠየቀችም።

እቤት ሲመለሱ የባሏ እናት እማማ አበቡ ካርዱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ወደ ታች የሚሄድ መስመር ግን ማንም ያነበዋል። የልጁ ማስመለስ ከጠና ጀምሮ ላንቴ መንደር ያለውን የሙዝ ማሳቸውን ለጎረቤት ትተው እዚህ ናቸው።

"እንጥሉ ወርዷል፣ ነግሬሻለሁ" አሉ። "ጉሮሮው ተዘግቶ ነው ወተቱ የሚመለሰው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጋሽ ክብሩ አለ። እጁ ንጹሕ ነው። አንዴ ነው፣ አለቀ።"

"ነርሷ ከልክላኛለች፣ እማማ።"

"ነርሷ ወልዳለች?"

"አልወለደችም መሰለኝ።"

"እሺ" አሉ እማማ አበቡ። ለእሳቸው ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ባሏ ጌዲዮን ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ረፋዱ ላይ ሻሸመኔን እንዳለፈ ደወለ።

"ጨመረ?"

"ቀነሰ።"

"እናቴን ስሚያት በቃ፣ ኢየሩስ። እኔም ተቆርጬ ነው ያደግሁት። ምን ሆንኩ?"

ምንም አልሆነም። ስልኩን ዘግታ ያለቀሰችው ለዚህ ነው። ቢቆጣ ትመልስለት ነበር። ሚዛኑ እየወረደ፣ እሷ ትክክል መሆኗን የሚያሳይ አንድ ነገር በእጇ የለም፤ የተሳሳቱት ሁሉ ግን ልጆቻቸው አድገው መኪና ይነዳሉ።

አሁን፣ ልጁ እንደገና ካስመለሰ በኋላ፣ ቆማ ሳለች እንቅልፍ ዓይኗን ከደነው። ግድግዳውን ተደግፋ ተረፈች። እማማ አበቡ አይተዋል።

"ስጪኝና ጋደም በይ። እኔ ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ።"

"ግማሽ ሰዓት ነው። ሰዓት የለዎትም።"

"ሰባት መዝሙር ነው። ትናንት አንቺ ስትይዢው በስልክሽ ለክቼዋለሁ።"

ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገው በጋሞኛ ቀስ ብለው መዘመር ጀመሩ። ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ ኢየሩስን እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። የልጁ ፎጣ የለም፤ የእማማ አበቡ ነጠላም ከምስማሩ ላይ የለም። ተጣርታ መልስ አልጠበቀችም። ወዴት እንደሄዱ ታውቃለች።

ወተት በደረቀበት ቀሚሷ፣ አንዱን ጫማ የእሷን አንዱን የባሏን አጥልቃ ሮጠች። አንድ ባጃጅ ሊመታት ለጥቂት ሳታት፤ ሹፌሩ የተናገረውን አልሰማችም። በወፍጮ ቤቱ አጥር ዞራ ስትገባ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ አበቡ ግን አልተቀመጡም። ልጁን ትከሻቸው ላይ ቀጥ አድርገው ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ።

"ልጄን ይስጡኝ።"

"ቀስ በይ። ሁለተኛው ዙር፣ አምስተኛው መዝሙር ላይ ነኝ። አሁን ከነቀነቅሽው ይመልሳል።"

የኢየሩስ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ልጁን አየችው፤ አፉ በከፊል ተከፍቶ ተኝቷል፣ ይተነፍሳል። ምንም አልተነካም።

"ሳልሰማ ሰርቀው ወደ ቢላዋ አመጡት?"

"አመጣሁት" አሉ እማማ አበቡ። "ሁለት ጊዜ ተራዬ ደረሰ፣ ሁለት ጊዜ ለሌላ አሳለፍኩ።"

"ለምን?"

አሮጊቷ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የልጁን ጀርባ በመዳፋቸው አሹ። "ከጌዲዮን በፊት ታምሩ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ጌዲዮንም አያውቅም። ልክ እንደዚህ ነበር የሚመልሰው። ሰው ሁሉ አስቆርጪው አለኝ። ባሌ ያን ጊዜ ገና ጌታን መቀበሉ ነው፤ ጸሎት ይበቃል፣ ቢላዋ አይነካውም አለ። እኔም እሺ አልኩ። በሁለት ወሩ ሞተ። ጌዲዮን የተወለደ ጊዜ ገና አንዴ እንዳስመለሰ ይዤው ሮጥኩ። ይኸው አለ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን አሳለፉ?"

"አንቺ እናቱ ነሽ፣ አልፈቀድሽም። እኔ ያን ጊዜ የባሌን ቃል ሰምቼ ልጄን ቀበርኩ። አንቺ ደግሞ በእኔ ቃል ቀብረሽ ዕድሜሽን ሙሉ በቂም እንድታዪኝ አልፈለግሁም።"

ኢየሩስ ታምሩን የገደለው ቢላዋ ማጣት አይደለም ልትል ትችል ነበር። ግን ምን ገደለው? ማንም አልመዘነውም፣ ማንም ካርድ አልሰጠውም። ካርድ የተሰጠው ልጅ ደግሞ እዚህ፣ ትከሻ ላይ፣ ከቀን ቀን እየቀለለ ነው። ቢላዋውንም ፈራች፣ ሚዛኑንም ፈራች፤ የትኛውን ይበልጥ እንደምትፈራ ራሷም አላወቀችም።

ከቤቱ ውስጥ የሌላ ልጅ ለቅሶ ተሰማ፤ ታንቆ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ክብሩ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ወጡ። ቀጭን፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸው የዋህ ሽማግሌ ናቸው። ኢየሩስ አስፈሪ ሰው ጠብቃ ነበር፤ ቢሆኑላት ይቀላት ነበር።

"አሁን የማን ተራ ነው?"

እማማ አበቡ አልተንቀሳቀሱም። ስድስተኛውን መዝሙር ጀምረዋል፤ ዓይናቸው ግን ኢየሩስ ላይ ነው።

"ዛሬ አይደለም" አለች ኢየሩስ። "ሰኞ ጠዋት ይመዘናል።"

"ጥሩ" አሉ ጋሽ ክብሩ። "መልካም ይሁንለት።" ፊታቸውን ወደ ተቀመጡት ሴቶች አዞሩ።

ኢየሩስ ወደ ግቢው በር ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች። ሜሮን ስለ ደሙ የነገረቻትን አልረሳችም። ሆስፒታልም እንደሚጻፍላት ታውቃለች። ግን ጠዋት ካርዱ ሲታጠፍ ያየችው መስመር አሁንም ዓይኗ ላይ ነው።

"ጋሼ" አለች ተመልሳ። "ሰኞ ከሰዓት ተራ ይያዙልኝ። ምናልባት ነው።"

ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ካለው መስኮት ላይ የተማሪ ደብተር አንስተው እስክሪብቶ ፈለጉ። እማማ አበቡ መዝሙራቸውን አቋረጡ።

"በማን ስም ልጻፍ?"

ኢየሩስ እጇን ዘርግታ የልጁን እግር ያዘች። ትኩስ ነበር።

"አጵሎስ" አለች።