ቡአ አልነበረም

ባየህ የፎገራን ወይፈን ሲያኮላሽ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ሽንቱ ደም ሲቀላቅልበት፣ ወገቡም አላስተኛ ሲለው ባሕር ዳር ሄደ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው አሉት።

ወጣቷ ሐኪም አስረዳችው። «ይህ ካንሰር የወንድ ሆርሞን ተቀባይ አለው። ሆርሞኑ መጥቶ ተቀባዩን ሲይዘው ካንሰሩ ያድጋል። የሆርሞኑ ዋና ምንጭ ቆለጥዎ ነው፤ እሱን እናወጣለን። ለሚተርፈው ደግሞ ተቀባዩን የሚዘጋ ክኒን በየቀኑ ይውጣሉ። ጨርሶ ባይጠፋም ዕድሜ ይሰጥዎታል።»

ባየህ ወይፈኖቹን አስቦ ጠየቀ። «በምንድነው የምትቀጠቅጡት?»

«ኧረ አንቀጠቅጥም! አደንዝዘን በምላጭ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ ከኔ ትሻላላችሁ» አለና ፈረመ።

ታላቅ ወንድሙ አለኸኝ ግን ከሐኪም ቤቱ በር እስከ ወረታ መናኸሪያ አንድ ነገር ብቻ መከረው፦ «ስልብ ይሉሃል። ዘራችንን ታሰድባለህ። ቡአ ነበር በል።»

ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ባየህ ከወንድሙ ጋር ሰንበቴ ወጣ።

«ቡአው እንዴት ሆነ?» አለው ጎረቤቱ አንለይ።

«ተሽሎታል» አለ አለኸኝ ቀድሞ።

ባየህ ዋንጫውን አስቀመጠ። «ቡአ አይደለም፣ ካንሰር ነው። ሁለቱንም አወጡልኝ። አውጡ ያልሁም እኔ ነኝ።»

 ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን ማየት ጀመሩ።

«እንግዲህ ከበሬዎቹ ጋር ልንጠምድህ ነዋ!» አለ አንለይ። ሳቅ ሆነ።

«ጥመደኛ! ያንተን ማሳ የሚያርሰው ሰንጋው አይደል? ኮርማህ አጥር ከመስበር ሌላ ምን ሠርቶልህ ያውቃል?»

ሳቁ ወደ አንለይ ዞረ። ባየህ ግን አልሳቀም። «ሽንቱ እንቢ ያለው፣ ደም ያየ ካለ አፍሮ እንዳይሞት። ከመሞት መኮላሸትን መርጫለሁ። ሚስቴ ንግሥቲም መርጣለች፤ ሂዱና ጠይቋት።»

ሲመለሱ አለኸኝ ግማሹን መንገድ ቀድሞት ሄደ። «አዋረድኸን» አለ በመጨረሻ። ከዚያ የሩዙ ማሳ ጠርዝ ላይ ሽንቱን ሊሸና ቆመ። ቆመ፤ ቆመ። ከኋላው አንድ ጋሪ መጥቶ አለፈ፤ እሱ እንደ ቆመ ነው።

ባየህ ተጠጋው። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አያ?»

«ዝም በል።»

«አልልም።»