ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ

ዳይሬክተራችን የሚፈርሙትን ወረቀት አያነቡም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቢሯቸው በር አጠገብ ተቀምጬ ያየሁት ነው። ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጣለሁ፣ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው ይመዛሉ፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ እጃቸው ብቻውን ሄዶ ፈርሞ ይመለሳል። መምህራኑ በሌሉበት «አባ ፊርማ» ይሏቸዋል። በፊታቸው ግን «ጌታዬ» ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ።

ደብዳቤ የሚጠይቃቸው ማንም ይሁን ማን፣ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ።» የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

እኔ በጻፍኩት ደብዳቤ አምስት መምህራን ሁለተኛ ዲግሪ ሊማሩ ሄደዋል። ደብዳቤ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለዩኒቨርሲቲው የሚያስገቡትን የማመልከቻ ጽሑፍ ደግሞ «እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» እያሉ ያመጡልኛል። ዓይኔን ስጥልበት ደሜ ይፈላል። «ለሀገርና ለወገን የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት ካለኝ ጽኑ ፍላጎት የተነሳ» ይላል መጀመሪያው። መሐሉም ይኸው ነው። መጨረሻውም። እንዲህ ያለ ጉድ በእጄ አልፎ ሲሄድ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ ቀድጄ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ትዕቢት ነው እንጂ ሌላ ምን ልበለው።

መጻፍን ያስተማረኝ የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት መዝገብ ቤት ነበር፤ እዚያ ከአቧራ በቀር የሚያጫውተኝ ስላልነበረ ፋይሎቹን ማንበብ ያዝኩ። የሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ አቤቱታ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ። የትኛው አቤቱታ እንደተሰማ፣ የትኛው እንደተጣለ እያስተያየሁ፣ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ባለሥልጣንን ከወንበሩ ብድግ እንደሚያደርግ በራሴ ጊዜ ደረስኩበት። የመጀመሪያ ዲግሪዬንም ያገኘሁት በርቀት ትምህርት ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ አንድ እጄ ዳቦ ላይ፣ አንድ እጄ ሞጁል ላይ።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ተነሡ። የትምህርት አመራር ሊማሩ። አራት መስመር የጻፉበትን ወረቀት ሰጡኝና፣

«የኔ ልጅ፣ አንጀት የሚበላ ነገር ጨምሪበት» አሉኝ።

«ምን ዓይነት?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ስቴፕለር አለ። በዕረፍት ሰዓት ልጆች ይመጣሉ፤ «እትዬ፣ ስቴፕለር ያውሱኝ» ይላሉ። አንዷን «ወረቀትሽስ?» ስላት ባዶ እጇን ታያለች። ስቴፕለሩን እሰጣታለሁ፣ ወንበሩን እስብላታለሁ። ባዶውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገች፣ አባቷ ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ለስቴፕለሩ ትነግረዋለች። እኔ እየተየብኩ እሰማለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ልጅ እንዲህ ይመጣል። በዳይሬክተሩ ማመልከቻ ላይ ይህን አንድ አንቀጽ አድርጌ ጻፍኩት፤ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ስቴፕለር ሊዋስ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ወረቀት አለው ማለት አይደለም።» ስሰጣቸው ቅር አለኝ። እሳቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላቸው።

ዘንድሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪ ተከፈተ፤ ለሥራ ሰዎች፣ ቅዳሜና እሑድ። በሕይወቴ ለራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ማመልከቻ ይህ ሆነ። ስቴፕለሩንም አስገባሁት። እንዴት አላስገባው? ዕቃዬ ነው። ያዋስኩትን ያስመለስኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«ይቺን ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣሻት?»

«ከጠረጴዛዬ።»

«ከሁለት ዓመት በፊት ከናንተው ትምህርት ቤት በመጣ ማመልከቻ ላይ ይቺው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አለች። ያኔም ከገምጋሚዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። እንደማላስታውሳት ነው የገመትሽው?»

ሳቄ መጣ። ከራሴ የኮረጅኩ ሌባ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

«ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ኮርጆ የተያዘ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ከጎናቸው የተቀመጠው ጎልማሳ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ከዳይሬክተርሽ ደብዳቤ አምጪ። ጽሑፉ ያንቺ መሆኑን እሳቸው ይመስክሩ። አለበለዚያ ማመልከቻሽ በኩረጃ ይዘጋል። በኩረጃ የተዘጋ ሰው ደግሞ እዚህ ግቢ ለሦስት ዓመት አያመለክትም።»

ሦስት ዓመት! አምስት መምህር፣ አንድ ዳይሬክተር አሻግሬ፣ እኔ ወዲህ ማዶ ልቀር።

ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ክፉ ናቸው እንዳልል ክፉ አይደሉም። ሁልጊዜ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ዘጠኝ መቶ ተማሪ በየስሙ እየጠሩ የሚያስገቡ ሰው ናቸው። ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈራቸው።

«ጌታዬ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ ደብዳቤ ከእርስዎ ይፈልጋል። ጉዳዩ ትንሽ…»

ስልካቸው ጮኸ። አነሡት፣ አፉን በእጃቸው ከደን አድርገው፣ «ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ።

ወጣሁ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ማመልከቻቸውን እኔ እንደጻፍኩት፣ ስቴፕለሩ የኔ እንደሆነ፣ እሳቸው እንዳላነበቡት። ግማሽ ገጽ። አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም።

ማታ ይዤው ቤት ሄድኩ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የሰው ቀሚስ ጠርዝ ስትቀመቅም አገኘኋት። አነበብኩላት።

«ታዲያ አስፈርሚያቸዋ» አለች በስፒሎቹ መሐል።

«እማዬ፣ ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። ይሄ ደብዳቤ እኮ ሊያስባርራቸው ይችላል። ሊመረቁ አንድ መንፈቅ ነው የቀራቸው።»

«የሞት ፍርዳቸውንም ብሰጣቸው ይፈርማሉ ስትይ አልነበር? ሳያነቡ የፈረሙት ያንቺ ጥፋት ነው? ዓይን የላቸውም?» ስፒሎቹን ተፋቻቸው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስትሰፊ ኖረሽ፣ ያንቺን ቀሚስ ማን ይሰፋልሽ?»

 እናቴ እንዲህ ናት፤ ነገሩ ትክክል ሲሆን ይብስ ታናድዳለች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ብዕሩን ከኪሳቸው መዘዙ። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እጃቸው መምጣት ጀመረ።

መዳፌን ወረቀቱ ላይ ጣልኩ።

ደግነት አልነበረም። ሁለት ነገር አናቴ ላይ ወጣ። አንደኛ፣ ልጆችን ላዳምጥ ነው ብዬ ልማር የምሄደው፣ ሰው ወደ መስኮት ሲያይ ጠብቄ በሰረቅኩት ፊርማ ነው? ሁለተኛ፣ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ጽፌ ዛሬም ሳይነበብ ሊፈረም!

«ያንብቡት» አልኳቸው።

«ምን አለበት፣ አንቺ ከጻፍሽው…»

«ጌታዬ፣ ያንብቡት!»

በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። መነጽራቸውን ከመሳቢያ ፈልገው አወጡ። አነበቡ። ጣታቸውን እያስከተሉ፣ ቀስ ብለው። ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ነጣ።

«ይሄን ብፈርም ያባርሩኛል።»

«ሊያባርሩዎት ይችላሉ።»

«ባልፈርምስ?»

«እኔ ኮራጅ ተብዬ ለሦስት ዓመት ይዘጋብኛል።»

 ኳሱ መስኮቱን ነካው፤ እንደ ወትሯቸው ተነሥተው አልጮኹም።

«ያኔ የጻፍሽልኝ… ቅጂው አለሽ?»

ነበረኝ። ሰጠኋቸው። እሱንም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ስቴፕለሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ በሩ፣ ወደ ጠረጴዛዬ አዩ። ከዚያ የኔን ደብዳቤ አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። 

«ንጹሕ ወረቀት ስጪኝ» አሉ። «አንቺ ጽፈሽ እኔ ብፈርም፣ ይሄም ያው አይደል?»

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። ከበሩ ውጭ ሆኜ የወረቀት መቀደድ እሰማለሁ። ስድስት ጊዜ ተቀደደ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆነው ወጡና ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ስቴፕለርን ይመለከታል።

እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው ግለሰብ ከላይ በርዕሱ በተጠቀሰው ስቴፕለር ዙሪያ የሚከተለውን በአክብሮት እገልጻለሁ። ማመልከቻዬን እኔ አልጻፍኩትም። ጸሐፊያችን ናት የጻፈችልኝ። ሳላነበው ፈረምኩ። ዛሬ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ልጆቹ የሚሄዱት ወደ እሷ ነው። እኔ ጋ አይመጡም። ስቴፕለሩም የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

እጄ አሳከከኝ። ስቴፕለርን ይመለከታል! «ዙሪያ» የሚለውን ብቻ እንኳ ላውጣው? «ትብብር» ማለት ምን ማለት ነው እዚህ ጋ? ምን ዓይነት ትብብር? ብዕሬን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ፊደል ብነካው የኔ ሊሆን ነው። እንዳለ፣ ከነጉዱ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሰብሳቢዋ ፖስታውን ከፈቱ። ርዕሱን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ። መጨረሻው ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አላወቅኩም።

«ይሄንን አንቺ አልጻፍሽውም» አሉ።

«አይ። እግዜር ይጠብቀኝ።»

ያ ጎልማሳ እንኳ ቀና ብሎ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ግን ቶሎ ኮስተር አሉ። «አንቺም እኮ ንጹሕ አይደለሽም። በሌላ ሰው ስም ስትጽፊልን ኖረሻል። ለስንት ሰው?»

«ለስድስት።»

«እዚያ ጥግ ተቀመጪ። አዲስ ማመልከቻ ጻፊ። ለምን ለስድስት ሰው እንደጻፍሽ ንገሪን። ስቴፕለር እንዳይነሣ።»

ጻፍኩ። ከትዕቢት ጀመርኩ፤ ሌላ መጀመሪያ አልነበረውም። ከእንግዲህ ለማንም በስሙ እንደማልጽፍ ቃሌን አስገባሁበት። ሦስቱ ተቀባብለው አነበቡት፣ ትንሽ ተንሾካሾኩ፤ ሰብሳቢዋ ፋይሌ ላይ «ተቀባይነት አግኝታለች» ብለው ጻፉ። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እንድጀምር ነገሩኝ። ደስታዬን ገና ሳልውጠው ሌላ ፖስታ ዘረጉልኝ። «ይሄ ለዳይሬክተርሽ ነው። አንቺ ስትጽፊ ከትምህርት አመራር ክፍል ጋር ተነጋግረናል። አይባረሩም። ግን ረቡዕ እኛ ፊት ቁጭ ብለው ማመልከቻቸውን በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። ካልቻሉ እናያለን።»

ሰኞ ጠዋት ፖስታውን ሰጠኋቸው። እዚያው ቆመው አነበቡት፤ ይኼው አንድ ለውጥ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «እንግዲህ ጻፊና…» ብለው ጀመሩ።

አየኋቸው። አፋቸውን ዘጉ። ገብተው በሩን ዘጉት። ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ገብቼ ላግዛቸው ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ ራሴን ሰድቤ ተቀመጥኩ።

በዕረፍት ሰዓት በሩ ተከፈተ። እኔን ሲፈልጉ ደወል ነበር የሚደውሉት፤ በእግራቸው መጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«እ… ስቴፕለር አለሽ?»

እጃቸውን አየሁ። ወረቀት አልያዙም።

ስቴፕለሩን ገፋ አደረግኩላቸው። ወንበሩን ሳብኩላቸው። ተቀመጡ፤ ለቁመታቸው የማይሆን የልጆች ወንበር ነው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። እጆቼ ኪቦርዱ ላይ እንዳይሄዱብኝ ከጭኔ ሥር ከተትኳቸውና ተቀመጥኩባቸው።

«ለምን ዳይሬክተር ሆኑ?» አልኳቸው።

ስቴፕለሩን አንድ ጊዜ ቀጭ አደረጉት። አሰቡ። ሁለተኛ ቀጭ።

«ለሀገርና ለወገን የበኩሌን አስተዋጽኦ…»

ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዕረፍቱ ሊያልቅ ገና አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።