«ጨጓራ ነው»

«ከዚህ በፊት የታመምሽው ከባድ በሽታ አለ?» አለ ዶክተሩ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«ኧረ ምንም የለባትም!» እናትየው ቀድማ መለሰች። «ጨጓራ ነው። በልጅነቷም ያው ጨጓራ ነበር።»

ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች። የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿ «ንፋሷ» ይሏታል። እሱም ድሮ ቀረ! ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጋደም ስትል ያፍናታል፣ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል። ልጆቹን «ሩጡ!» ትልና እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ትዘረጋለች።

ጨጓራ! እሰይ ጨጓራ! በአሥራ አራት ዓመቷ ፀጉሯ በእፍኝ የረገፈው በጨጓራ ነው? የደም ካንሰር ነበር እንጂ። ዳነች፤ ከዳነች ወዲያ ግን ዞር ብሎ ያያት ሐኪም የለም። የሕፃናት ክፍሉ «አድገሻል» ብሎ ሸኛት፣ የአዋቂዎቹ ክፍል ደግሞ «ጤነኛ ነሽ» ብሎ በሩን አሳያት። እናቷም የበሽታውን ስም ከቤት አባረረችው። ሰው ከሰማ ማን ያገባታል?

«ጭንቀትም ይሆናል» አለ ዶክተሩ። «ለጊዜው የጨጓራ መድኃኒት ልጻፍልሽ።»

ይሄኔ ደሟ ፈላ። «አልወስድም! ካንሰር ነበረብኝ! ካንሰር!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» እናትየው ወደ በሩ ዞረች። «ልቤን አታውልቂው!»

«ያንቺን ተይውና የኔን ልብ እዪልኝ!»

ዶክተሩ ገና አሁን ቀና አለ። ምን መድኃኒት ይሰጣት እንደነበር ጠየቀ። ልጅቷ አታውቅም፤ እናትየው የቦርሳዋን ማንገቻ ስታፍተለትል ቆየች።

«ቀይ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በጉሉኮስ ነበር የሚገባላት።»

«እሱ መድኃኒት ልብ ሊያደክም ይችላል። በየጊዜው መታየት ነበረባት። ስትወጡ አልነገሯችሁም?»

«ነግረውኛል» አለች እናትየው፣ ድምጿ ወርዶ። «በየዓመቱ አምጫት ብለውኝ ነበር። ድናለች ብዬ… እዚያ ክፍል ስንገባ ሰው ያየናል ብዬ…»

ልጅቷ መጮህ አማራት። ለመጮህም ትንፋሽ አጠራት።

የልብ አልትራሳውንድ ታዞላት ሲወጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ከሰፈራቸው ባለሱቅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወሬ ከጠፋ የሚታመም ሰው ነው።

«ምነው፣ በደህና ነው? ማን ታሞባችሁ ነው?»

«ጨጓ…» አለች እናትየው። ልጅቷ ዓይኗን ተከለችባት።

እናትየው ወደ ባለሱቁ ዞረች። «ካንሰር ነበረባት» አለች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «አሁን ደግሞ ልቧን ልናሳይ ነው። ያስረፈድኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አላቀፈቻትም፣ አይዞሽም አላለቻትም። አልትራሳውንዱ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል። ጥቂት ደረጃ እንደወጣች ቆመችና፣ ንዴቷ ሳይበርድላት፣ የእናቷን ትከሻ ተደገፈች።